ስምንቱ ፎቶዎችና የእኔ እርሳስ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9
ከፎቶ ቤቴ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋት እስከ ማታ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ በየወደቡ ሲንከራተት እንዳያረጅ ብዬ አጠር አድርጌዋለሁ፦ እኛ ደህና ነን፣ አንተም ደህና ሁን፣ ባሕሩም ደህና ይሁን።

ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ሦስቱንም ጊዜ «ሞተር ክፍል ነኝ» ብለህ ዘጋህብኝ። የመርከብ መካኒክ መሆንህን አልረሳሁም፤ ግን ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሞተር ክፍል አይከርምም፣ ሞተሩም ይሰለችሃል። ስለዚህ ደብዳቤ መረጥኩ። ስልክ መዝጋት ትችላለህ፣ የተጻፈ ነገር ግን ሳታነብ መጣል አይሆንልህም። ልጅ ሳለን ሳሙና የተጠቀለለበትን ቁራጭ ጋዜጣ ስታነብ ሳሙናው ገንዳ ውስጥ ሟሙቶ ያለቀው፣ እናታችንም እኔን የገረፈችኝ ትዝ ይልሃል? እኔን የገረፈችው፣ ነገር ሲበላሽ ሁልጊዜ ከእኔ ስለምትጀምር ነው። አብዛኛውን ጊዜ አትሳሳትም ነበር።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ትንሽ የታሸገ ፖስታ አለ። ደብዳቤውን ሳትጨርስ አትክፈተው። አውቅሃለሁ፣ አሁን እጅህ ወደዚያ ሄዷል። መልሰው።

መጀመሪያ የቤት ወሬ። ባለቤቴ ደህና ናት፤ አሁንም ከእኔ ጋር አለች፣ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም። ሥራው ቀዝቅዟል። ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ያነሳል፤ ወደ እኔ የሚመጣው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሲፈልግ ወይም የአያቱ ፎቶ ሲቀደድበት ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ መጥቶ «ጋሼ፣ ፎቶው ላይ ትንሽ ፀጉር ጨምርልኝ» አለኝ። «ስንት ዓመት ወደ ኋላ ልመልስህ?» አልኩት። አልሳቀም። ጨመርኩለት፤ ተሰናብቶኝ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፣ የበቀለ መስሎት።

ጨለማ ክፍሌ ግን ሰላም አጥቷል። በሩ መቆለፊያ የለውም። ፊልም እያጠብኩ ሳለ ባለቤቴ ብርግድ አድርጋው «የሽንኩርቱን ቢላ አይተሃል?» ትላለች፤ ብርሃኑም አብሯት ይገባል። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ፊልም ተቃጥሎብኛል። «ታዲያ መቆለፊያ ግጠም» ልትለኝ ነው። አልገጥምም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እደርስበታለሁ።

ልጅህ የሙያ ትምህርቷን ልትጨርስ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። አዎ፣ «ትምህርቷን» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ የብዕር ስህተት አይደለም። ደብዳቤውን ሁሉ እንዲሁ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ዓይንህን ይቆረቁርህ ይሆናል። የእኔንም ምላስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል፤ አሁን ግን የሚያደናቅፈኝ የድሮው ነው።

ይህች ልጅ ዲናሞ ትጠቀልላለች። የተቃጠለ ሞተር ይመጣላታል፤ የከሰለውን ሽቦ ትነቅላለች፣ አዲሱን የመዳብ ሽቦ ዙር በዙር እየቆጠረች ትመልስለታለች። በምትቆጥርበት ሰዓት ቤቱ ቢቃጠል አትሰማህም። አንተም መፍቻ ይዘህ እንዲሁ ነበርክ። የዳቦ ቤቱን ማቡኪያ ማሽን ሠርታለት ባለ ዳቦ ቤቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ዳቦ በነፃ ላከልን። የጨለማ ክፍሌንም ማራገቢያ ሠራችልኝ፤ ድምፁ ስለጠፋ የቆመ መስሎኝ በጫማ መታሁት። አሁን እንደገና ሠርታዋለች፤ «አትምታው» የሚል ወረቀትም ለጥፋበታለች።

ነገሩን ስትነግረን እንኳ ሥራ ላይ ነበረች። የዛሬ ሦስት ወር፣ ቅዳሜ፣ ምሳ በልተን፣ ጠረጴዛው ላይ የባለቤቴን ካውያ ፈታታ እያየችው ነበር። ካቻቢቴውን ሳታስቀምጥ፣ ቀና ሳትል፣ «ወንድ አይደለሁም» አለች። «ከልጅነቴም አልነበርኩም። ሴት ነኝ። ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም።» እኔ፣ ሳይከፈለኝ የማወራው ሰውዬ፣ የካውያውን ብሎኖች መቁጠር ጀመርኩ። ባለቤቴ ልጅቷን አየች፣ ካውያውን አየች፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ከሶኬቱ ንቀይው፣ ይይዝሻል» አለቻት። ካውያው ቀድሞም ተነቅሎ ነበር። ባለቤቴ «ንቀይው» ማለቷን ራሷም አላስተዋለችም። ልጅቷ ግን ሰማች። ካቻቢቴውን አስቀምጣ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ይህንን ጽፌልህ ነበር። የመለስክልኝ ሦስት መስመር ነው፣ ከፊቴ አለ፦ «ምከረው። የላክህልኝን ፎቶዎች ደርድሬ አየኋቸው፣ በስምንቱም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይታይም። ይህ ነገር ካላለፈለት ለፈቃድ አልመጣም።»

መርከብህ አንተ ለፈቃድ የምትወርድበት ወደብ የምትደርሰው ግንቦት 22 ነው። ምረቃዋ ግንቦት 25 ነው። ልጅቷ ሁለቱንም ቀኖች ግድግዳዋ ላይ ባለው ወረቀት በቀይ አክብባቸዋለች። ስለ ሁለተኛው ቀን ታወራለች፤ ስለ መጀመሪያው አታወራም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚያ ለማታወራው ቀን ነው። የኩባንያችሁ ወኪል ከዚያ በፊት በምትቆሙበት ወደብ እጅህ ላይ አደርሰዋለሁ ብሎ ምሎልኛል።

«ምከረው» ብለሃል። መከርኳት።

አንድ እሁድ ጠዋት ፎቶ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አባዬ ላከህ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ምከረው አለህ?»

«አዎ።»

«እሺ፣ ምከረኛ» ብላ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ።

ጉሮሮዬን ደግሜ ጠረግሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠርግ ተነሥታ ውኃ አመጣችልኝ።

«ቆይ እስቲ» አልኳት፣ «ከመምከሬ በፊት ነገሩ ይግባኝ። ምንድን ነው የሚሰማሽ?»

አሰበች። «መንገድ ላይ ከኋላህ የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ትዞራለህ?»

«ምን ቤት ነኝ? አልዞርም።»

«እኔ እዞራለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሚጠሩት ሌላ ሰው ነው፣ የምዞረው እኔ ነኝ። እንዳይከፋችሁ ብዬ። ደከመኝ፣ አጎቴ።»

ምክሬ በዚሁ አለቀ። ውኃውን ጠጣሁት።

እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ፎቶ ማንሳትን በካሜራ ካርቶን ውስጥ ከሚገኝ ወረቀት የተማርኩ ሰው ነኝ። ያልገባኝን እየጠየቅሁ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ስለዚህ «የምትመላለሺባት ሐኪም ጋ ውሰጂኝ» አልኳት። ሐኪሟ አጭር ሴትዮ ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ መነጽሯን የምትፈልግ። ወድጃታለሁ። ጥያቄዎቼን በፊልም ካርቶን ጀርባ ላይ ጽፌ ሄጄ ነበር።

«ዶክተር፣ ከፎቶ ማጠቢያው ሽታ ይሆን? ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ነው ያደገችው።»

«አይደለም።»

«እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች፣ ባለቤቴ ስላሳደገቻት ይሆን?»

«አይደለም።»

«እኔ ቀልድ ስለማበዛስ?»

«ቀልድዎ ሌላ በሽታ ያመጣ ይሆናል፣ ይህን ግን አያመጣም» አለችኝ። «ለምን እንደሚመጣ በትክክል የሚያውቅ የለም። ማንም ግን አላደረገውም። በአስተዳደግ አይመጣም፣ ከሰው አይጋባም፣ በቁጣም አይለቅም።»

ከዚያ እሷ በተራዋ ጠየቀችኝ፦ «እርስዎ ወንድ መሆንዎን በምን ያውቃሉ?»

«ባለቤቴ ነግራኛለች።»

ሳቀች፣ ግን አልለቀቀችኝም። «ሳይነገርዎም ያውቁታል፣ አይደል? አስበውበት አያውቁም፤ ያላሰቡበት ስለሚገጥምዎ ነው። ሰው በውስጡ ወንድ ነኝ ወይም ሴት ነኝ የሚል ዕውቀት አለው። ለአብዛኛው ሰው ይህ ዕውቀትና የተወለደበት አካል ይገጥማሉ፣ ስለዚህ ከነመኖሩም አይታወቀውም። ለአንዳንዱ ሰው ግን አይገጥሙም። አለመግጠሙ በሽታ አይደለም፣ ዕብደትም አይደለም። ነገር ግን ከእሱ የሚመጣ ጭንቀት አለ። መስታወት የሚያስጠላ፣ ስም በተጠራ ቁጥር የሚወጋ፣ አንዳንዱን ከሰው የሚለይ፣ አንዳንዱን ከሕይወት የሚለይ ጭንቀት። እኛ የምናክመው ጭንቀቱን ነው።» ረጅም የሕክምና ስም አለው፣ ጻፈችልኝ፤ ወረቀቱ ላይ አልበቃ ብሎ ወደ ታች ወርዷል። እኔ «ያለመግጠም ጭንቀት» ብዬዋለሁ። ሐኪሟም ያስኬዳል ብላኛለች።

ገብቶኛል አልኳት። ፊቴን አይታ እንዳልገባኝ አወቀች።

«ጫማዎን ያውልቁ።»

ካልሲዬ ቀዳዳ ስለነበረው ለማቅማማት ሞከርኩ፤ አልሆነም። «የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ ያድርጉና ኮሪደሩ ላይ ይመላለሱ። እኔ ሁለት ታካሚ አይቼ እመለሳለሁ።»

ግማሽ ሰዓት ሄድኩ። አንዲት ነርስ «ጋሼ፣ ጫማዎ ተቀያይሯል» አለችኝ። «የሐኪም ትእዛዝ ነው» አልኳት። በክራንች የሚሄድ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ቀደመኝ፤ በሁለተኛው «አይዞህ» ብሎኝ አለፈ።

ሐኪሟ ተመልሳ፣ «ጫማው ምን ችግር አለበት?» አለችኝ።

«ምንም።»

«እግርዎስ?»

«ደህና ነው።»

«ቁጥሩ አልሆነዎትም?»

«የራሴ ጫማ ነው እንጂ።»

«ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ምን ሲያስቡ ነበር?»

«ስለ እግሬ።»

«ሌላስ?»

«ስለ እግሬ ብቻ። እርስዎንም ትንሽ ረግሜያለሁ።»

«የወንድምዎ ልጅ እንዲህ ሆና ነው የተማረችው፣ የበላችው፣ ከእናንተ ጋር የሳቀችው» አለችኝ። «ለሃያ ዓመት።»

ጫማዬን አስተካክዬ ሳስር ጊዜ ወሰደብኝ። ማሰሪያው አልነበረም ያስቸገረኝ።

የአንተንም ጥያቄ ጠየቅሁልህ፦ «ያልፋል?» «ትንሽ ሕፃን ብትሆን ጊዜ ሰጥተን እናያለን እልዎ ነበር» አለችኝ። «እሷ ግን ሃያ ዓመቷ ነው፣ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ የምታውቀውን ነው የነገረችን። ከእንግዲህ ጥያቄው መቼ ያልፋል ሳይሆን እንዴት ትኑር ነው።» ለአንዱ ስሙና ልብሱ ይበቃዋል አለችኝ፣ ሌላው መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ሌላው ከዚያም በላይ፤ በጥድፊያ የሚደረግ ግን የለም፣ ከልጅቷ ጋር እየተነጋገሩ ነው የሚሄዱት። «ከሁሉም ቀድሞ የሚሠራው ግን እኔ ጋ የለም» አለችኝ። «ቤት ውስጥ የሚያዩዋት ዓይኖች ናቸው።»

የጫማውን ነገር ለልጅህ ስነግራት ወደደችው። ትንሽ ቆይታ ግን «ጫማ ይወልቃል እኮ፣ አጎቴ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳሌ መፈለጉን ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ። ይህንን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ቤት ውስጥ ብዥታ ብለን ለምን እንደምንጠራት ነግሬህ አላውቅም። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ካሜራ ፊት አስቀምጫት ልክ ቁልፉን ስጫን ራሷን ወዝወዝ ታደርጋለች። ሸሚዙ ይወጣል፣ አንገቷ ይወጣል፣ ከዚያ በላይ ጭስ ነው። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። «ተንኮሉን ከእኔ ነው የወሰደው» እያልኩ ለደንበኛ አሳይ ነበር። በየዓመቱ በልደቷ ቀን እኔ የካሜራውን ፍጥነት እጨምራለሁ፣ እሷም ፍጥነቷን ትጨምራለች። ጨዋታ መስሎኝ ነበር። እኔ ዘንድ ሁሉም ነገር ጨዋታ ይመስላል፤ ችግሬም ይኸው ነው። ባለፈው ወር ጠየቅኋት፦ «ለምንድን ነው ትወዛወዢ የነበረው?» «ፎቶ የሚቀር ነገር ነው» አለችኝ። «ያ ልጅ እንዲቀር አልፈለግሁም።»

አንተ ደግሞ በየዓመቱ ከመርከቡ «የልጄን ፎቶ ላክልኝ» ትላለህ። ጭስ ልላክልህ? ስለዚህ ሠራሁት። የደበዘዘውን ፎቶ አትሜ በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ፊት ሣልኩበት፤ ሥዕሉን መልሼ በካሜራ አንስቼ አተምኩት። እኔ እንኳ በማግስቱ ሳየው ፎቶ ይመስለኛል። አገጩን ከየት ላምጣ? የማውቀውን አገጭ፣ ያንተን ሣልኩ፤ ሰፊውን፣ ግትሩን። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከአፍንጫዋ በታች ጢም ቢጤ ጣል አድርጌያለሁ፤ በዚያ ወር ሥራ አልነበረኝም። አንተም «ቁርጥ እኔን» ብለህ ጻፍክልኝ፣ እኔም ራሴን እንደ ትልቅ ባለሙያ ቆጠርኩ። ስምንት ዓመት፣ ስምንት ፎቶ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለፈቃድ ስትመጣ በሩ ላይ ቆመህ ልጅህን አየህና «ከፎቶው ከስቷል፣ ምን እያበላችሁት ነው?» ብለህ ባለቤቴን ገላመጥካት። ልጅቷ አልከሳችም ነበር። ፎቶው ላይ ያወፈራት የእኔ እርሳስ ነው። ባለቤቴ ያቺን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳችልህም፤ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ አብሬያት «እውነትም ጨካኝ ነው» ስል ኖርኩ። ትናንት እውነቱን ነገርኳት። ዛሬ ምሳዬን ራሴ ነው የሠራሁት።

እና አሁን ስምንቱን ደርድረህ «እንዲህ ያለ ነገር አይታይም» ትለኛለህ። ወንድሜ፣ እንዴት ይታይ? ከእጄ ወጣ ብለህ የምታዝንለት ልጅ እኔ የሣልኩት ልጅ ነው። የአንተ ልጅ እነዚያ ፎቶዎች ውስጥ የነበረችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እኔ በእርሳስ የሸፈንኩት ጭስ ውስጥ። ይቅርታ አድርግልኝ። እሷን ጠይቄያታለሁ፤ «ጢሙን ብቻ አልምርህም» ብላኛለች።

ስለ መቆለፊያው እነግርሃለሁ ብዬ ነበር። ነገሩን ከመናገሯ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጨለማ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፋ ተቀመጠች። እዚያ ውስጥ ምን ዓይነት ጠርሙሶች እንዳሉ ታውቃለህ። ስጠራት አልመለሰችም። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ የማውቀውን ቀልድ ሁሉ ማውራት ጀመርኩ፣ የሚያስቀውንም የማያስቀውንም። ስንት ሰዓት እንዳወራሁ አላውቅም፤ ድምፄ ሻክሮ ነበር። በመጨረሻ ከውስጥ «ይህንን ቅድም ነግረኸኛል» አለችኝና ከፈተች። ምንም አልነካችም። ከዚህ በላይ በወረቀት አልጽፍልህም። በማግስቱ መቆለፊያውን ነቅዬ ጣልኩት። ፊልሙ ይቃጠል። ሐኪሟ «አንዳንዱን ከሕይወት ይለያል» ስትለኝ የታየኝ ያ በር ነው።

አሁን ግን ሌላ ልጅ ናት። ማለቴ ያችው ናት፣ ድምፅዋ ብቻ ጨመረ። ቤቱ ውስጥ ታንጎራጉራለች፣ ያውም በመጥፎ ድምፅ፤ ይህ ካንተ ወገን ነው። እኔን መልሳ መስደብ ጀምራለች። ከባለቤቴ ጋር ተባብረው ያሙኛል፤ ስገባ ዝም ይላሉ፣ ስወጣ ይስቃሉ። አዲስ ስምም አላት። እዚህ አልጽፈውም፤ ለአባቷ ራሷ ልትነግረው ትፈልጋለች። ብዥታን ግን አልጣለችውም፤ «እሱ የራሴ ሥራ ነው» ትላለች።

ባለፈው ሐሙስ ቱታዋን እንደለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ ትንንሽ የጆሮ ጌጥ አድርጋ ፎቶ ቤቱ መጣች። «አጎቴ፣ ፎቶ አንሳኝ። ለምረቃው ነው» አለችኝ። ተለምና እንጂ ጠይቃ አታውቅም። እንደ ልማዴ ፍጥነቱን ጫፍ ላይ አደረስኩት፣ መብራት ጨመርኩ። «አያስፈልግም» አለችኝ። ወደ ዝግታው መለስኩት። ተቀመጠች። ሌንሱን ቀጥ ብላ አየችው። አልተንቀሳቀሰችም። ተጫንኩ።

ፊልሙን ሳጥበው የወጣው ጭስ ነው። እኔ ነኝ የተንቀጠቀጥኩት። አርባ ዓመት ካሜራ የያዘ እጅ። ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ «እንግዲህ ብዥታ አንተ ነህ» አለችኝ። ሁለተኛውን ፎቶ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሜ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ማለት ይቻላል፣ አነሳኋት።

ትንሹ ፖስታ ውስጥ ያለው እሱ ነው። እርሳስ አልነካውም፣ ብሩሽ አልነካውም። ግንባሯ ላይ ያለችው ብጉር እንኳ የራሷ ናት። ለትምህርት ቤቱ ጉርዱን ሰጠሁ፤ ላንተ ግን እስከ ጉልበቷ ያለውን አተምኩልህ፣ እጇ እንዲታይህ። ጥፍሯ ሥር ያለውን ቅባት እይ። አውራ ጣቷ ወደ ኋላ የሚለጠጠውን እይ። እኔ ያንተን አገጭ ስፈልግላት ስምንት ዓመት ደከምኩ፤ እሷ አገጭህን አልወሰደችም። እጅህን ነው የወሰደችው። ይህንን ደግሞ ማንም አልሣለውም።

ሁሉም ነገር ይግባህ አልልህም። እኔ ሐኪም ጋ ሄጄ፣ ጫማ አቀያይሬ፣ ገና አንደኛ ክፍል ነኝ። ምን እንደምትላት ካልመጣልህ ምንም አትበላት፤ ስለ ሞተር አውራት፣ ሁለታችሁም ሌላ ወሬ አትችሉም። «ካላለፈ አልመጣም» ብለሃል። የሚያልፈው እኮ ግንቦት 25 ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ወንበር ይዣለሁ። አንዱ የባለቤቴ፣ አንዱ የእኔ ነው። ሦስተኛው ላይ ኮቴን አስቀምጣለሁ፤ ስትመጣ አነሳዋለሁ።

ካቢንህ ግድግዳ ላይ ያሉትን ስምንቱን አውርዳቸውና ይዘህልኝ ና፤ የእኔ ሥዕሎች ስለሆኑ እፈልጋቸዋለሁ። አንዱን ምስማር ግን እዚያው ተወው።

የምትረግጠው ብረት አያንሸራትትህ፣ የምትይዘው መፍቻ አይሰበርብህ። ነፋሱ ከኋላህ ይሁን፣ በሰላም ወደብ ያግባህ። እናታችን ብትኖር ለሁለታችን ጥፋት እኔን ገርፋ፣ አንተን «ቶሎ ና» ትልህ ነበር። እሷን ተክቼ ቶሎ ና ብዬሃለሁ።

ታላቅ ወንድምህ፣
የአገጭህ ሠዓሊ

ባለቤቴ ይህችን ጨምርልኝ ብላኛለች፦ «ልጁን አላስራብኩትም ነበር። ልጅቷንም አላስራብኳትም። ስትመጣ ሁለቱንም ይቅርታ ትጠይቀኛለህ፤ አልጋህን ግን አንጥፌልሃለሁ።»

አሁን ትንሹን ፖስታ ክፈተው። በፎቶው ጀርባ ላይ ልጅህ በእጇ የጻፈችው አለ። አላነበብኩትም ብልህ አታምነኝም፤ አንብቤዋለሁ። በዚያኛው ፈቃድህ ምሳ ላይ የመርከቡ የውኃ ፓምፕ ያንኳኳል ብለህ ስታማርር አልነበር? እኛ ያኔውኑ ረስተነዋል። እሷ ሦስት ዓመት ስታስብበት ኖራለች። ስለ ሌላው ነገር መልስ ካጣህ፣ ለዚህ መልስላት፦

«አባዬ፣ ያ ፓምፕ የሚያንኳኳው ሲሞቅ ብቻ ከሆነ፣ ኩሽኔቱ አልቆ ነው። ቀይረኸው ና።»